የመጀመሪያ ዌብሳይታችሁ እምቢ ሲላችሁ

የመጀመሪያ ዌብሳይቴን የሠራሁት ሐዋሳ ውስጥ ፔንሲዮን ላለው ጓደኛዬ ነው። ስድስት ክፍል፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፤ በቃ። በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ያልኩት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አብዛኛው ጊዜ የሄደው ጥፋቱ የት እንዳለ በመፈለግ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሳይቱን በሌላ ሰው ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ ያለው እናንተው ጋ ነው። እዚያም ከተበላሸ ፋይሉን ወይም ሰርቨሩን (ሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ጠርጥሩ። «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ቡና ጠጡ። እኔ ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ሁለቴም ያው ችግር ተመልሶ መጣ።

«ያስተካከልኩት ነገር አይታይም»

ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ እያሳያችሁ ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ 5ን አንድ ላይ ተጫኑ። ስልክ ላይ በኢንኮግኒቶ (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ በማይጠቀምበት መስኮት) ክፈቱት። አሁንም ከሌለ ፋይሉን ሴቭ ማድረጋችሁን አረጋግጡ፤ ከዚያ የጫናችሁበትን ፎልደር እዩ። ብዙ ሆስቲንግ (ሳይቱን የምናስቀምጥበት የኪራይ ቦታ) ላይ ገጹ የሚቀመጠው ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የመግቢያው ገጽ ስም ደግሞ ኢንዴክስ ይሁን።

«ፎቶው ላፕቶፔ ላይ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን የለም»

መጀመሪያ ኮዱ ውስጥ የፎቶውን አድራሻ እዩ። በሲ ድራይቭ የሚጀምር ከሆነ ፎቶውን የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ሌላው ሰው የእናንተ ሲ ድራይቭ የለውም።

አድራሻው ደህና ከሆነ ስሙን እዩ። ዊንዶውስ በካፒታልና በስሞል ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም። አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ያደርጋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው መሰለኝ፣ ዓይናችን ይሄን ቶሎ አይዝም። እኔ አንዲት ካፒታል ፊደል ስፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ። ስሞችን በሙሉ በስሞል የላቲን ፊደል ጻፉ፣ በቃላት መሃል ክፍት ቦታ አትተዉ፣ ሰረዝ አድርጉ።

የፋይል ስም በአማርኛ ባይሆን ይሻላል። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከተማችንንስ ስንት ዓይነት እንጽፋታለን? ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ። ገጹ ላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። ሦስቱንም አጻጻፍ አንድ አንድ ቦታ አስገቧቸው፤ ፈላጊው በየትኛው እንደሚጽፍ አታውቁም።

«አማርኛው ተበላሸ»

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የተበላሸበትን መልክ ካያችሁ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ።

ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያ መሣሪያ የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሳይቱ ላይ ብትጭኑት ይስተካከላል።

ጭረትና ነጥብ የተጫነባቸው እንግዳ የላቲን ፊደላት ከመጡ ብራውዘሩ ጽሑፉን በተሳሳተ መንገድ እያነበበ ነው። ዩቲኤፍ-8 ኮምፒውተር ፊደላትን በባይት የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው፤ በእሱ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ለዚህ ነው አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሦስት ምልክት ሆኖ የሚወጣው። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ፣ ከኮዱ አናት ላይም ቻርሴቱ (ፊደሉ የሚነበብበት መንገድ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸውን መስመር ጻፉ።

የጥያቄ ምልክት ከደረደረ ነገሩ ይከፋል። ፋይሉ ራሱ እንዲያ ሆኖ ሴቭ ተደርጎ ከሆነ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከዋናው ቅጂ መልሶ መገልበጥ ብቻ ነው ያለው። ጽሑፉ ከዳታቤዝ የሚመጣ ከሆነ ዳታቤዙንም ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩ።

አራተኛም አለ። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ሰነድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ጓደኛዬ የሰጠኝ የድሮ ብሮሹር እንዲያ ነበር። ሁለት ገጽ ስለነበረ እንደ አዲስ ተየብኩት።

«ለመክፈት ዓመት ይፈጃል»

ፎቶዎቹ ናቸው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 18 ፎቶ 72 ሜጋባይት ነው። እንግዳው ፓኬጁ የሚያልቀው አልጋውን ሳያይ ነው። ኮዱ ላይ «ትንሽ አድርገህ አሳይ» ማለት አይጠቅምም፤ ፋይሉ ያው ሙሉውን ይወርዳል። ከመጫናችሁ በፊት ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱ፣ ክብደቱንም ወደ 200 ኪሎባይት አካባቢ።

ስልክ ላይ ጽሑፉ ጉንዳን የሚያክል ከሆነ ደግሞ ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያደርገውን የቪውፖርት መስመር ኮዱ ውስጥ ረስታችኋል። ጨምሩት፤ ብዙ ጊዜ ያ ብቻ ይበቃል።

«ዶሜይኑ አይከፍትም»

ዶሜይኑን (የሳይቱን የኢንተርኔት ስም) ትናንት ከገዛችሁት ታገሱ፤ እስከ 48 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ዶሜይኑ ወደ ሆስቲንጋችሁ መጠቆሙን እዩ። ሲሠራ ከርሞ ድንገት ከጠፋ ግን የዓመት ክፍያው አልፎ ይሆናል። ብዙዎቻችን የዶላር ካርድ ስለሌለን ውጭ ያለ ዘመድ ይገዛልናል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚሄደው በእሱ ኢሜይል ነው። እሱ ይክፈል፣ ግድ የለም፤ የሚመዘገበው ኢሜይል ግን የባለቤቱ ይሁን።

«ሁሉም ይሠራል፣ የሚደውል ግን የለም»

እኛ ጋ ስልክ ቁጥሩ የነበረው የታፔላው ፎቶ ላይ ብቻ ነበር። ተጭኖ መደወል አይቻልም፣ መገልበጥም አይቻልም። አድራሻው ደግሞ «ከሐይቁ አጠገብ» ይላል። ሐይቁ ትልቅ ነው!

ይሄ የኮድ ጥፋት አይደለም፣ ስንጀምር ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው። ጓደኛዬን ሰው ደውሎ የሚጠይቀውን ነገር ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ዋጋ፣ ሙቅ ውሃ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ከገብርኤል አደባባይ ለባጃጁ ምን ብዬ ልንገረው። አራቱን መልስ ከላይ አደረግኩ፣ ስልኩንም ሲጫኑት እንዲደውል በ+251 ጻፍኩት። ፎቶዎቹ ወደ ታች ወረዱ። ጓደኛዬ በፎቶዎቹ አሁንም ያኮርፋል።