ጅማ ላይ ቤት ልትሠሩ ነው? ከቁፋሮው በፊት ወረቀቱን እንዲህ ጨርሱ

ጥቅምት ሲገባ ጅማ ውስጥ ብሎኬትና አሸዋ የጫነ መኪና ይበዛል። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ይደርቃል፣ ጎበዝ ግንበኛ ስልክ አያነሳም። እስከ የካቲት ያሉት ወራት መሠረት ለማውጣት የሚመቹ ናቸው። ችግሩ ብዙ ሰው የግንባታ ፈቃድ ትዝ የሚለው ያኔ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ዝናቡ ተመልሶ ይመጣል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተቆፈረ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ኩሬ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥቅምት ላይ መቆፈር የሚፈልግ ሰው ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ከሳጥን ያውጣ። ካርታውን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፈቃድ ሲባል ሁላችንም የሚታየን የከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ወረፋ ነው። እኔ ባየሁት ግን ሰው ወራት የሚባክነው ወረፋው ላይ ሳይሆን ካርታው የሚለውና ግቢው ውስጥ ያለው ሳይገጥም ሲቀር ነው።

መጀመሪያ፦ ካርታውንና ግቢውን አስታርቁ

አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ጂ+1 (ምድር ቤትና ከላዩ አንድ ፎቅ) ልትሠራ ተነሣች። ካርታው 250 ካሬ ይላል። ግቢው ሲታይ ከዚያ በለጥ ይላል፤ ማንም አልጠረጠረም። ቀያሽ መጣና ሜትሩን ዘረጋ። በአቮካዶው ዛፍ በኩል አለፈ፣ ቡናዎቹን አለፈ፣ ማድ ቤት ገባ። ምድጃው አጠገብ ቆመና በጫማው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረገ።

«እትዬ፣ የእርስዎ እዚህ ጋ ያልቃል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ እዚህ ምድጃ ላይ ሃያ ዓመት እንጀራ ጋግሬያለሁ!»

ቀያሹ ሳቀ። ቁጥሩን ግን አልቀየረውም። የማድ ቤቱ ግማሽ ከካርታው ውጭ ነበር። ፕላኑ የተሠራው ደግሞ ማድ ቤቱን ጨምሮ ነው። እንደገና ተሣለ፣ እንደገና ተከፈለ።

እናንተ ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ቀያሽ አስመጡ። ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ ቁጥሮች አሉ፤ በእነሱ መሠረት ችካል ያስተክላችሁ። ጎረቤትም በዚያ ሰዓት ቢኖር ጥሩ ነው። ድንበር ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ አጥር ከቆመ በኋላ ይከብዳል።

ስሙንም እዩት። ካርታው በሞቱ አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ ስም ማዛወር ይመጣል። ወንድም እህት ካለ ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልና መላክ ይኖርበታል። ይህ ብቻውን ከግንባታ ፈቃዱ የበለጠ ጊዜ ሊበላ ይችላል። ባለትዳር ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ቤቱ ባንክ በዋስትና ተይዞ ከሆነ ከባንኩ ደብዳቤ አምጡ። የግብር ደረሰኙም የዘንድሮ ይሁን፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚለወጥ ሰኔ ላይ የተቆረጠው ደረሰኝ ሐምሌ ላይ «ያለፈው ዓመት ነው» ሊባል ይችላል።

ቦታው የሊዝ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ግንባታ ለማጠናቀቅ የሰጠው ጊዜ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ነው። የእናንተን ውል አውጥታችሁ መቼ ለመጀመር፣ መቼ ለመጨረስ እንደፈረማችሁ አንብቡ። ብዙ ሰው ፈርሞ ረስቶታል።

ሁለተኛ፦ የፕላን ስምምነት

ይህ ከፈቃዱ በፊት የሚመጣ ወረቀት ነው። በአጭሩ ከተማውን «እዚህ ቦታ ላይ ምን መሥራት ይፈቀድልኛል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ከተማው በፕላኑ መሠረት ይመልሳል። መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ? ስንት ፎቅ? ከመንገዱ ምን ያህል መሸሽ? ከግቢው ምን ያህሉን መሸፈን?

ሰው ይህን ደረጃ ለፎርማሊቲ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ስህተት ነው። በተለይ አወይቱ ወንዝ አጠገብ፣ ዋና መንገድ ዳር ወይም የኮሪደር ልማት በሚነካው መስመር ላይ ከሆናችሁ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት ይህን መልስ በእጃችሁ ያዙ። ወንዝ ዳር የሚተው ርቀት አለ። መንገድ ዳር የሕንፃው ቁመትና ገጽታ ሊወሰን ይችላል። ወደ ኤርፖርቱ በኩል ረጅም ሕንፃ ያሰበ ሰው የከፍታ ጉዳይ ይነሣበታል። ያረጀ የጣሊያን ጊዜ ቤት አፍርሶ ሊሠራ ያሰበም ቤቱ በቅርስነት መመዝገብ አለመመዝገቡን አስቀድሞ ያጣራ። አፍርሶ መጠየቅ አይቻልም።

ሦስተኛ፦ ምድባችሁን እወቁ፣ ፕላን አሠሩ

የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ምድብ «ሀ» ባለ አንድ ወለል ሆኖ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ነው፤ አብዛኛው ተራ መኖሪያ ቤት ማለት ነው። ምድብ «ለ» ርቀቱ ከ7 ሜትር የበለጠ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ነው። የአክስቴ ጂ+1 እዚህ ገባ። ምድብ «ሐ» ሕዝብ የሚጠቀምበት ወይም የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሁሉ ነው። ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት አስባችሁ ከሆነ «አንድ ወለል ናት» ብላችሁ አትዘናጉ።

ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ወረቀትና ባለሙያ ይጨምራል። ለጂ+1 አርክቴክቸራል፣ ስትራክቸራል፣ ኤሌክትሪካልና ሳኒተሪ ፕላን አዘጋጁ። እያንዳንዱን የሠራው ባለሙያ የታደሰ ፈቃድ ይኑረው፤ ፊርማና ማኅተሙም በየገጹ ይኑር። የባለሙያው ፈቃድ ጊዜ አልፎበት ፋይል የተመለሰበት ሰው አውቃለሁ። ስትቀጥሩ «የዘንድሮው ታድሷል?» ብላችሁ ኮፒውን ጠይቁ። ነውር የለውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ ጥቂት ዓመት ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ለሌላ ሰው የተሠራ ፕላን በርካሽ ገዛሁ። ስሙ ተቀይሮልኛል፣ ማኅተም አለው፣ ያምራል። ቢሮ ውስጥ ፕላኑን የገመገመው ልጅ ወረቀቱን ገልበጥ አደረገና የሰሜን ምልክቱ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «በእርስዎ ካርታ መንገዱ በምሥራቅ ነው። እዚህ ደግሞ በምዕራብ። ይሄ ቤት በሩ ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት ነው የሚከፈተው።» ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ፋይሉን ይዤ ወጣሁ። የቆጠብኩትን ደግሜ ከፈልኩ።

ስለዚህ ፕላኑ ከመግባቱ በፊት እናንተው ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ከካርታው ጋር አስተያዩ፦ የቦታው ስፋትና ቅርጽ፣ የሰሜን ምልክት፣ መንገዱ ያለበት ጎን። ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ካለ ከድንበር በቂ ርቀት መኖሩን አርክቴክቱን ጠይቁ። ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው? የሚመጥጠው መኪና ይደርስበታል? የዝናብ ውሃው ከጣሪያ ወርዶ የት ይሄዳል? ጅማ ላይ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ከጣሪያችሁ ወርዶ ጎረቤት ግቢ የሚገባ ውሃ ከሳሽ ያመጣል።

አፈሩንም አትናቁት። ከተማው ውስጥ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ አለ። ሜዳማና ረግረግ አካባቢ ከሆናችሁ ቢሮው ባይጠይቃችሁም የአፈር ምርመራ አሠሩ። ለምርመራው የሚወጣው ብር ከተሰነጠቀ ግድግዳ ይረክሳል። መሐንዲሱም የመሠረቱን ጥልቀት በግምት አይወስንም።

አራተኛ፦ ፋይሉን ማስገባት

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቅጹና ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ነው። የግንባታ ፈቃድን ወረቀቱ ላይ «ሃያማ ኢጃርሳ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ቋንቋውን የማትጽፉ ከሆነ ማመልከቻውን የሚጽፍላችሁ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ፤ ከዚያ ከመፈረማችሁ በፊት ምን እንደሚል ይንገራችሁ። የቦታው ስፋትና የካርታ ቁጥር በስህተት ተጽፎ መመላለስ የተለመደ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ካርታው ከነኮፒው፣ መታወቂያ፣ የግብር ወይም የሊዝ ክፍያ ደረሰኝ፣ የፕላን ስምምነቱ፣ ፕላኖቹ በሚጠየቀው ኮፒ ልክ፣ የባለሙያዎቹ ፈቃድ ኮፒ፣ እንደራሴ ከሆናችሁ ውክልና። የቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጎረቤት አምና ያስገባው ዝርዝር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ጠዋት 2:30 ላይ ድረሱ። ዓርብ ጠዋት ግን ቢሮ 5:30 ላይ ለምሳና ለጁምዓ ይወጣል፤ ከገጠር የመጣ ሰው ይህን ረስቶ ደጅ ላይ ሲቀመጥ አያለሁ። ፋይሉ ሲገባ መዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ቁጥር የሌለው ፋይል ጠፋ ቢባል ማንን ትጠይቃላችሁ?

ደጅ ላይ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል አይጠፋም። ማመልከቻ ጽፎ ገንዘብ መቀበል አንድ ነገር ነው። የፈቃዱን ክፍያ በእጁ ስጠኝ የሚላችሁን ግን ተዉት። ክፍያ በከተማው ተመን ይሰላል፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ይከፈላል። ደረሰኙን ካርታው ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ፕላኑ «ይስተካከል» ተብሎ ቢመለስ አትደናገጡ፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ማስተካከያው በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተነገራችሁን ለአርክቴክቱ ስታስተላልፉ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

አምስተኛ፦ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ

ፈቃድ ወጣ ማለት እንደፈለጉ መገንባት ማለት አይደለም። መጀመራችሁን ለቢሮው አሳውቁ። የሕንፃ ሹሙ (ግንባታን የሚቆጣጠረው የከተማው ኃላፊ) ወይም የሚልከው ባለሙያ በየደረጃው መጥቶ ያያል፤ መሠረቱን፣ ፌሮውን፣ ሶሌታውን። አርማታ ከተሞላ በኋላ ፌሮ አይታይም፣ ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት አስጠሩት። ፈቃዱና የጸደቀው ፕላን ሁልጊዜ ሳይት ላይ ይኑሩ። አክስቴ ኮፒውን በፌስታል ጠቅልላ ጥበቃው ጎጆ ውስጥ ሰቀለችው፤ ዝናብ አልነካውም።

መሐል ላይ ሐሳብ መቀየር ያለ ነው። «ደረጃው በዚህ በኩል ቢሆን»፣ «አንድ ክፍል ብንጨምር»። ሐሳቡ ግድግዳ፣ ቋሚ ወይም ወለል የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ማሻሻያ አስፈቅዱ። ከፈቃዱ ውጭ የተሠራ ነገር የማስቆሚያ ትእዛዝ ያመጣል፣ ሲብስም በባለቤቱ ወጪ ይፈርሳል። ግንበኛው «ችግር የለውም» ካለ የሚፈርሰው የእሱ ቤት ስላልሆነ ነው።

ምድብ «ሐ» ከሆነ ሠርቶ መጨረስም አይበቃም፤ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ ይወጣል። መብራትና ውሃ ለማስገባትም የግንባታ ፈቃዱ ሊጠየቅ ስለሚችል ቀለም ከተቀባ በኋላ አትጣሉት።

የአክስቴ ቤት ኅዳር ላይ ተቆፈረ። አዲሱ ማድ ቤት ከችካሉ ወዲህ ነው፤ ፕላኑ ላይም ምድጃው ሳይቀር ተሥሏል። አቮካዶው አልተቆረጠም፤ አርክቴክቱ ደረጃውን በእሱ ምክንያት ወደ ግራ ወሰደው።