የሞባይል ስልክን የማሰራጫ ኃይል እንዴት እንለካ?

የጂኤስኤም (የ2ጂ) ስልክ በጥሪ ላይ ሳለ ያለማቋረጥ አያሰራጭም። በየ4.615 ሚሊ ሰከንዱ አንዴ፣ ለ577 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ያሰራጫል፣ ይህን አጭር ስርጭት ምት እንለዋለን፤ የቀሩት ሰባት ተራዎች የሌሎች ስልኮች ናቸው። ስለዚህ 2 ዋት የሚያወጣ ስልክ አማካዩን በሚያነብ ፓወር ሜትር ላይ ሩብ ዋት ብቻ ያሳያል። ይህን ያላወቀ ጠጋኝ ደህናውን ፓወር አምፕሊፋየር (የስርጭቱን ኃይል የሚያጎላውን ክፍል) ነቅሎ ይጥላል።

በድሬዳዋ ከዚራም ሆነ ቀፊራ ሰፈር ብትሠሩ፣ በከተማው ኔትወርክ ላይ ደውላችሁ አትለኩ። ስልኩ አንቴና ማማው ሲቀርበው በኔትወርኩ ትእዛዝ ኃይሉን ይቀንሳል። እንደ ኔትወርክ ማማ ሆኖ ስልኩን የሚያነጋግር የሞባይል ቴስተር ያስፈልጋል፤ እሱም በኬብል ብቻ ይገናኝ፣ በአየር ከተለቀቀ የሰፈሩን ስልክ ይረብሻል።

1. መሣሪያዎቹን አብርታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የድሬዳዋ ቀትር በሰኔ 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ በማለዳ መለካት ይሻላል፤ አምፕሊፋየሩ ሲግል ኃይሉ ይወርዳል።

2. ከስልኩ ቦርድ የአንቴና መሞከሪያ ሶኬት በ20 ዲቢ (ዴሲቤል) ዳይሬክሽናል ካፕለር፣ ማለትም ከሲግናሉ ጥቂቱን ቀንጭቦ በሌላ መውጫ በሚያወጣ መሣሪያ፣ አድርጋችሁ ወደ ቴስተሩ ውሰዱ። ከካፕለሩ ቅንጫቢ መውጫ በ10 ዲቢ አቴንዌተር (ሲግናል ቀናሽ) በኩል ስፔክትረም አናላይዘር (የሲግናልን ኃይል በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ላይ ሰኩ። 33 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊ ዋት አንጻር በዲቢ የተገለጸ ኃይል፣ እዚህ 2 ዋት) በቀጥታ ከገባ የአናላይዘሩን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል።

3. የመንገዱን (የኬብሉን) ብክነት በሲግናል ጀነሬተር ለኩ፤ በ900 ሜጋኸርዝ የተገኘው ለ1800 አይሠራም፣ ኬብል ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የበለጠ ይበላል።

4. በቴስተሩ ጥሪ መሥርቱ፣ ፍሪኩዌንሲ መቀያየሩን አጥፉ፣ የ900ውን ኃይል ደረጃ 5 ላይ አድርጉ። ይህ 33 ዲቢኤም ነው፤ በ1800 ደግሞ ደረጃ 0፣ 30 ዲቢኤም።

5. አናላይዘሩን ዜሮ ስፓን (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኃይሉን በጊዜ የሚያሳይበት) ላይ አድርጉ፤ ሪዞሉሽን ባንድዊድዝ 1 ሜጋኸርዝ፣ ቪዲዮ ባንድዊድዙ (ንባቡን የሚያለሰልሰው ማጣሪያ ስፋት) ከዚያ ያላነሰ፣ ስዊፕ 1 ሚሊ ሰከንድ፣ ትሪገሩ ቪዲዮ። ቪዲዮ ባንድዊድዙ ከጠበበ የምቱ ትከሻ ይጎብጣል፣ ንባቡም ያንሳል።

6. የሚነበበው የምቱ አናት ጠፍጣፋ ክፍል ነው፣ መውጫና መውረጃውን ተዉት። ስክሪኑ 1.6 ዲቢኤም አሳየ እንበል፤ ካፕለሩ 20፣ አቴንዌተሩ 10፣ ኬብሉ 0.8 ሲደመር 32.4 ዲቢኤም፣ 1.74 ዋት ገደማ ነው። በመደበኛ ሁኔታ የሚፈቀደው ልዩነት 2 ዲቢ ስለሆነ ስልኩ ደህና ነው።

ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ብቻ ካላችሁ አማካዩ ላይ 9 ዲቢ ጨምሩ። ነገር ግን ተናጋሪው ዝም ሲል ማሰራጨትን የሚያቋርጠውን ዲቲኤክስ ካላጠፋችሁ ስሌቱ ይበላሻል። በዳዮድ ሴንሰር ይህን ሒሳብ አትመኑ፤ ኃይሉ ከነጌቲቭ 20 ዲቢኤም በታች ካልሆነ በቀር ዳዮድ አማካይን በትክክል አያነብም።

የምቱ አናት ወደ መጨረሻው ከተንሸራተተ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። በምቱ ጊዜ የሚሳበው ከረንት 2 አምፔር ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ በፓወር ሰፕላይ ስትሠሩ ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ቦርዱ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ይህን ካስተካከላችሁ በኋላም አናቱ ካዘነበለ፣ ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩን ፈትሹ።