ያገለገለች ቅንጡ የስፖርት መኪናችሁን ይዛችሁ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ረጅም ቁልቁለት የወረድኩ ቀን ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍኩ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ገባ። መኪናዋ ታጥባለች፣ ቸርኬዋ ተወልውሏል፣ ሞተሯም ደስ በሚል ድምፅ እያንጎራጎረ ነበር። ማርሽ እየቀነስኩ እንደምንም ዳር አስያዝኳትና እስክትበርድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የፍሬን ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው? አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉዞ በፊት የማልዘላቸው ነገሮች አሉ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የስፖርት መኪና ያላችሁም፣ ልትገዙ የምታስቡም፣ በተራ የቤት መኪና ተራራ ልትወጡ የተነሳችሁም ብትሆኑ አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 1፦ የመኪናዋን የታወቀ በሽታ እወቁ

ያገለገለች ቅንጡ መኪና ዋጋዋ ሲወርድ የጥገናዋ ወጪ አብሮ አይወርድም። አዲስ ሳለች ውድ የነበረች መኪና ዕቃዋ ዛሬም ውድ ነው። ስለዚህ ከቀለሟና ከፈረስ ጉልበቷ በፊት የሰርቪስ ደብተሯን እዩ። እኔ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዳ ሁሉ ነገር በጊዜው የተሠራላትን፣ ጥቂት ሄዳ ለዓመታት ከቆመችው እመርጣለሁ። መኪና ስትቆም ጎማዋ ይደርቃል፣ ጓርኒሲዮኗ ይሰነጠቃል፣ ፈሳሾቿም ያረጃሉ።

እያንዳንዱ ሞዴል ባለቤቶቹ ሁሉ የሚያውቁት ደካማ ጎን አለው። የመጀመሪያዎቹ ጃጓር ኤክስኬ8 የታይሚንግ ሰንሰለታቸውን፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በአንድ ልክ የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ የሚወጥረው ዕቃ ከፕላስቲክ ስለተሠራ ይሰነጠቃል፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ የመርሴዲስ ኤስኤል መኪኖች የሞተር ሽቦ ሽፋናቸው ከሙቀት የተነሳ እየተፈረፈረ ይራገፋል። ኢ46 የሚባለው ቢኤምደብሊው ኤም3 የኋላ አክሰሉ የሚታሰርበት ወለል ይሰነጠቃል። 996 ተብሎ የሚታወቀው የፖርሽ 911 ትውልድ ደግሞ በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ሞተር ውስጥ አይኤምኤስ የሚሉት ደካማ ኩሽኔታ አለው፤ እሱ ከሄደ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን ሰምታችሁ አትሽሹ። ችግሩ የታወቀ ስለሆነ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ሻጩን "ይሄ ተሠርቷል ወይ? ደረሰኙስ አለ?" በሉት። መልሱ ሲንቀዋለል ካያችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም አንድ ነገር ልበል። ብዙ የመኪና አምራቾች ዕድሜ ልክ አይቀየርም ይላሉ። ለብዙዎቹ ካምቢዮውን የሚሠራላቸው ዜድኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይቀየር ይላል። እኔ የምሰማው ካምቢዮውን የሠራውን ነው።

ደረጃ 2፦ ማታ ካርቶን አንጥፉ

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ ማታ መኪናዋን ስታቆሙ ከሞተሩና ከካምቢዮው ስር ሰፊ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት አውጥታችሁ እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከካምቢዮ ወይም ከመሪ የመጣ ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ንጹሕ ውሃ ከሆነ የኤሲ ነው፣ ተዉት። ጎማው አጠገብ ቢጫማ ነገር ካያችሁና ስትነኩት እንደ ዘይት የሚያንሸራትት ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። መካኒክ ሳያያት ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኮፈኑን ክፈቱና የራዲያተሩን ቱቦዎች በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉ። ጤነኛ ቱቦ ጠንከር ብሎ ይለጠጣል። እንደ ብስኩት የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከዚያ ቱቦው ብረቱ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ካለ፣ ፈሳሽ በጥቂቱ እየወጣ ሞተሩ ላይ ይደርቃል ማለት ነው። መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ያልፈዋል። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ግማሽ ሰዓት ዳገት ስትወጡ ግን እዚያው ቦታ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

በአውሮፓ መኪኖች ላይ የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ፕላስቲክ ነው። አርጅቶ ቢጫ ከሆነና መገጣጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ከታየ ሳይሰነጠቅ ቀይሩት። ፈሳሹ ከጎደለ መኪናዋ የምትፈልገውን ዓይነት ጨምሩ፤ ግማሹ ኩላንት ግማሹ የተጣራ ውሃ ሲሆን ለአብዛኞቹ ይስማማል። የትኩስ ሞተርን ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ውስጡ በግፊት የታፈነ ነው፤ ስትከፍቱት እየፈላ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ፍሬን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት 50 ሊትር ገደማ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት ለማድረስ ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ አብዛኛው የሚገባው አራት ዲስኮች ውስጥ ነው። ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 በሚባለው ደረጃ የተሠራ አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚፈላበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ አረፋ ይጨመቃል። እግራችሁ የሚረግጠው ያንን አረፋ ስለሆነ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ዛሬ ይቀየር። የክዳኑን ጽሑፍ አንብቡ። ዶት 4 እና ዶት 5.1 መደባለቅ ይችላሉ። ዶት 5 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ሥራው አየር በደንብ ማስወጣትን ስለሚጠይቅ፣ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ መካኒክ ስጡት። ሸራውንና ዲስኩንም አብሮ ይይላችሁ። የዲስኩ ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር ከተሠራ ውፍረቱ ይለካ።

ደረጃ 4፦ ጎማ

የጎማ ጥርስ ብቻ አትዩ፤ ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። የስፖርት መኪኖች ብዙ ጊዜ ስለሚቆሙ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው እንደ እንጨት የደረቀ ይገጥማል። በጥርሶቹ መሐል ትንንሽ ስንጥቅ ካያችሁ በሱ ተራራ አትውጡ። የጥርስ ሕጋዊ ዝቅተኛ ልክ በብዙ አገር 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ዝናብ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ያ አይበቃም።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ነው፤ መኪናዋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመች በኋላ ማለት ነው። ልኩን የሹፌሩ በር ሲከፈት ከሚታየው ስቲከር አንብቡ። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ልክ ስለሆነ እሱን አትከተሉ። መንገድ ላይ ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። በዛ ብላችሁ አታስተንፍሱት።

ደረጃ 5፦ ቀሪውን ቶሎ ቶሎ

ባትሪው ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። ቺንጋው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን እዩ። መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የመለዋወጫ ጎማ፣ ክሪክ። ብዙ የስፖርት መኪኖች መለዋወጫ ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጧችሁ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ፈሳሹም ጊዜው ያልፋል፣ ቀኑን አንብቡ። የቸርኬውን ብሎኖች በመመሪያው ልክ አስጠብቁ።

ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር ቅርብ ያለ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዷት። ሬዲዮ ዝጉ። መሪው በፍሬን ጊዜ ይንቀጠቀጣል? ስትታጠፍ ከአንድ ጎን ብቻ የሚጮህ ነገር አለ? ጆሯችሁ የሰማውን ወረቀት ላይ ጻፉና ሳይውል ሳያድር አሳዩ።

ደረጃ 6፦ መንገዱንና ሰዓቱን ምረጡ

ጥሩ መንገድ የግድ ረጅም አይደለም። በኦስትሪያ ያለው የግሮስግሎክነር መንገድ 48 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሲከፈት ጀምሮ ሰው የሚሄድበት ለዕይታው ነው፤ 36 ትልልቅ ጥምዝ አለው። የጣሊያኑ ስቴልቪዮ 2,757 ሜትር ላይ ይወጣል፣ በሰሜኑ በኩል ብቻ 48 ጥምዝ ተቆጥሯል። ሁለቱም በአውሮፓ የብርድ ወራት በበረዶ ይዘጋሉ። የትኛውም ከፍ ያለ መንገድ ላይ ስትሄዱ መጀመሪያ ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ማለዳ ሂዱ። መንገዱ ባዶ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩም ይወደዋል። ስትሄዱ ፀሐይ ከኋላችሁ እንድትሆን ካቀዳችሁ ተራራው ሁሉ በርቶ ይጠብቃችኋል። ሰዓት ስታሰሉ የካርታውን ግምት አትመኑ፤ ለመቆሚያ፣ ለፎቶ፣ ዝም ብሎ ለማየት ግማሽ ያህል ጨምሩበት። ነዳጅ ከታች ሙሉ።

ደረጃ 7፦ መውጣትና መውረድ

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ላይ ስትደርሱ መኪናዋ ደከም ካለችባችሁ አትደንግጡ፣ አየሩ ስለሳሳ ነው። የሙቀት መለኪያውን አልፎ አልፎ እዩ። መውጣት ከጀመረ ኤሲ ዝጉ፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። መውጣቱን ካላቆመ ዳር ይዛችሁ አጥፏት።

ስትወርዱ ያንን መንገድ ለመውጣት የምትጠቀሙበትን ማርሽ ያዙ። አውቶማቲክ ከሆነች በእጅ መቀየሪያው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ አድርጓት። ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ ይጮኻል፤ ይጩኽ፣ ቀዩ መስመር ውስጥ እስካልገባ ምንም አይሆንም። ፍሬኑን እየነካካችሁ አትውረዱ። ቀጥታው ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፣ ዲስኩ ንፋስ ያግኝ። ኩርባው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነቱ ተቀንሶ ያለቀ ይሁን። ዓይናችሁን ገደሉ ላይ ሳይሆን ወደምትወጡበት አድርጉ፣ እጃችሁ ዓይናችሁን ይከተላል። መውጫው ሲታያችሁ ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ስጡ። መኪናዋ ከኋላ ገፋ አድርጋ ከኩርባው ስታወጣችሁ ያለውን ስሜት በቃል መግለጽ አልችልም፤ ይህን ሁሉ ዝግጅት የማደርገው ለእሱ ነው። ለዚያ ደግሞ ፍጥነት አያስፈልግም። ሌላ ሰው የሚመጣበት መንገድ ላይ መስመራችሁን እንዳትለቁ።

ከኋላ የሚቸኩል ከመጣ ቦታ ስታገኙ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ መስኮት አትዝጉ። ፔዳሉ አሁንም ጠንካራ ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ፍሬን ሳትነኩ ትንሽ ሂዱ፣ ነፋሱ ያበርደዋል። ከለሰለሰ ግን በሞተሩ እየያዛችኋት የመጀመሪያው ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙና ግማሽ ሰዓት አሳርፏት። ውሃ አታፍሱበት፣ ትኩስ ዲስክ ይሰነጠቃል። በርዶም ቢሆን፣ ፔዳሉ ለስልሶ ከነበረ ዘይቱ ሳይቀየር ጉዞው አይቀጥልም።

ደረጃ 8፦ ስትመለሱ

የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀስ ብላችሁ ንዱ። በተለይ ቱርቦ ካላት ዘይቱ እየዞረ ያበርዳታል። ካጠፋችኋት በኋላ ኮፈኑ ስር የሚበርደው ብረት ጢክ ጢክ ሲል ይሰማችኋል። ያ ጤነኛ ድምፅ ነው። የፍሬን ዘይቱ የተቀየረበትን ቀንና የዛሬውን ኪሎ ሜትር ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ያንኑ ካርቶን አምጡና ከስሯ አንጥፉት። ጠዋት ታዩታላችሁ።