አዲሶቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ አልነሳ ሲሉ

ሦስት ቀን ስለበላብኝ ነገር ልጻፍ፤ ሌላ ሰው እንዳይለፋ። ኡቡንቱን (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) በኔትወርክ ለመጫን ዲኤንኤስማስክን፣ ማለትም ለኮምፒውተሮቹ አድራሻና የማስነሻ ፋይል የሚሰጠውን የሰርቨር ፕሮግራም፣ በባሽ ስክሪፕት (ትእዛዞች በተጻፉበት ፋይል) አዋቅሬ ነበር። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ወዲያው ተነሱ። አዲሶቹ ግን ፋይሉ በትክክል ወርዷል የሚል መስመር ያሳዩና ወደ ቡት ሜኑ ይመለሳሉ።

ኬብል ቀየርኩ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ። ፊርማ የሌለው ፋይል እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትንም አጠፋሁ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ የዲኤችሲፒ ጥያቄውን፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ አድራሻ የሚጠይቅበትን መልእክት፣ መስመር በመስመር አየሁት። ኦፕሽን 93 በሚባለው የመልእክቱ ክፍል ላይ አሮጌዎቹ 0 ይላሉ፣ አዲሶቹ 7። ቁጥሩ የማሽኑን ዓይነት ነው የሚናገረው፤ 0 ባዮስ (የቆየው የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት)፣ 7 ደግሞ 64 ቢት ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው)። ስክሪፕቴ ለሁሉም የባዮሱን ፋይል ነበር የሚሰጠው። ዩኢኤፍአይ ፋይሉን ያወርደዋል እንጂ ሊያስኬደው አይችልም።

ስክሪፕቱ ውስጥ የዲኤችሲፒ-ማች መስመር ጨምሬ 7 ለሚሉት መለያ ሰጠኋቸው። ቀጥሎ በዲኤችሲፒ-ቡት፣ ያ መለያ ላላቸው ለዩኢኤፍአይ የተዘጋጀው የአይፒኤክስኢ (የኔትወርክ ማስነሻ ፕሮግራም) ፋይል እንዲላክ አደረግኩ። አንዳንድ ማሽን 9 ስለሚልክ እሱንም አብሬ አስገባሁ። ዲኤንኤስማስክን ሪስታርት ሳደርገው አዲሱ ማሽን መጫን ጀመረ። ሴኪዩር ቡትን ግን እንደጠፋ ተዉት፤ እኔ የተጠቀምኩት ፋይል ፊርማ የለውም።