ዴልሂ ውስጥ በሜትሮና በባጃጅ ሳትሸወዱ እንዴት ትንቀሳቀሳላችሁ

ለሕክምናም ለጉብኝትም ዴልሂ የሚሄደው የኛ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ከሆቴሉ በር ላይ ኮንትራት ይይዝና የተጠራበትን ይከፍላል። ኧረ አያስፈልግም። ረጅሙን መንገድ በሜትሮ፣ የቀረችውን በባጃጅ፣ በቃ።

መጀመሪያ አየር ማረፊያው ውስጥ ሲም ካርድ አውጡ፤ ፓስፖርታችሁን ይጠይቋችኋል። ዶላር ስትመነዝሩ ደግሞ ባለ 10፣ ባለ 20፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ሩፒ ስጡኝ በሉ። የአገሬው ሰው የሻይ ሂሳብ ሳይቀር በስልክ ስለሚከፍል የባጃጅ ሾፌር ኪስ ውስጥ ዝርዝር ማግኘት ከባድ ነው። ባለ 500 ካወጣችሁ መልሱን እርሱት።

ከተርሚናል 3 መሀል ከተማ ለመግባት ኤርፖርት ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር አለ። ኒው ዴልሂ ጣቢያ በ20 ደቂቃ አካባቢ ያደርሳል። ሌሊት ከደረሳችሁ ግን ሜትሮ የለም፤ ቅድሚያ የሚከፈልበት የታክሲ መስኮት ሂዱ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኙን ሆቴላችሁ በር ላይ ሳትወርዱ ለሾፌሩ እንዳትሰጡት፤ ሂሳቡን የሚቀበለው በዚያች ወረቀት ነው።

ሜትሮው ውስጥ ቀላል ነው። ትኬቱን ከመስኮት ወይም ከማሽን ትገዛላችሁ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ በአዘቦት ቀን እንደ ርቀቱ ከ11 እስከ 64 ሩፒ ነው። ስትገቡ ያስነካችኋትን ወረቀት አትጣሏት፣ ስትወጡም ትጠየቃለች። ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ ካርድ አውጡ፣ ከሰልፍ ትገላገላላችሁ። መግቢያው ላይ ቦርሳ በማሽን ያልፋል፣ ሰውም ይፈተሻል፣ የሴትና የወንድ ሰልፍ ለየብቻ ነው። የፊተኛው ፉርጎ የሴቶች ብቻ ነውና ወንዶች ሲጣደፉ ዘለው እንዳይገቡ፣ ቅጣት አለው።

መስመሮቹ በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊውና ቢጫው የሚገናኙት ራጂቭ ቾክ ላይ ነው። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰው በሰው ነው፤ ራሳችሁ ባትራመዱም ግፊያው ያስወጣችኋል። ብትደናበሩ ወለሉ ላይ የተሳሉትን ባለ ቀለም የእግር አሻራዎች ተከተሉ። ለቀዩ ምሽግ ላል ኪላ ጣቢያ፣ ለአሮጌው ከተማ ገበያ ደግሞ ቻንድኒ ቾክ ትወርዳላችሁ።

አሁን ባጃጁ። እዚያ አውቶ ነው የሚሉት፤ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ለምሳሌ ኩቱብ ሚናር የሚባለውን ጥንታዊ ማማ ለማየት በስሙ የተሰየመው ጣቢያ ስትወርዱ ማማው ደጁ ላይ አይደለም፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። መውጫው ላይ ቆመው የሚጠሯችሁን እለፏቸው፤ ፋራ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ትንሽ ራቅ ብላችሁ የሚያልፈውን አስቁሙና «ብሃያ፣ ሚተር ሴ» በሉ፤ ወንድሜ፣ በቆጣሪው እንሂድ ማለት ነው። ቆጣሪው ተበላሽቷል ሊላችሁ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይላል። እ.ኤ.አ. ጥር 2023 በወጣው ታሪፍ የመጀመሪያው 1.5 ኪሎ ሜትር 30 ሩፒ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 11 ሩፒ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ወደ 70 ሩፒ ይመጣል ማለት ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 25 በመቶ ይጨመራል። ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ቢጠራ ለክርክር አልደክምም፣ እጥፍ ካለ ግን ጥዬው እሄዳለሁ። ሳትቀመጡ ጨርሱ፣ ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ለሁላችሁም መሆኑንም አረጋግጡ።

ክርክር የማይሆንላችሁ ኡበር ወይም ኦላ በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ባጃጅ እዘዙ። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይመጣላችኋል፣ ታርጋውን አይታችሁ ቁጥሩን ለሾፌሩ ንገሩት። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ አድርጉት።

«ሆቴላችሁ ተዘግቷል» ወይም «አንድ ሱቅ ብቻ እንይ» የሚል ካጋጠማችሁ ኮሚሽን ፍለጋ ነው። በተለይ ኒው ዴልሂ የባቡር ጣቢያ አካባቢ ደላላው ብዙ ነው። ሆቴሉ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሜትሮ ጣቢያዎች ደጅ የምታዩት በባትሪ የሚሄደው ባለ ሦስት ጎማ ደግሞ እንደኛ ታክሲ ሰው ሞልቶ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ለአጭር መንገድ በጣም ርካሽ ነው። አውቶቡስ ከሁሉም ይረክሳል፣ ግን መስመሩን ለማያውቅ እንግዳ አልመክርም።

መንገድ ስትሻገሩም ልብ በሉ፣ መኪናው የሚሄደው በግራ ነው። መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ወደ ግራም እዩ፣ በተቃራኒ የሚመጣ ሞተር አይጠፋም።