በኦ ክፍል ንባብ ማስተማር፦ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ዐይን፣ በመጨረሻ እጅ

ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ቅድመ መደበኛ ክፍል፣ ከገባ ሕፃን ብዙ ሰው ውጤት ይጠብቃል። ወላጅ «ፊደል ቆጠረ ወይ?» ይላል። ሱፐርቫይዘር ደብተር ይገልጣል። የአንደኛ ክፍል መምህር ደግሞ በሚቀጥለው መስከረም ቃል መለየት የጀመረ ልጅ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ሁሉም የሚጠይቁት ተገቢ ነገር ነው። ሕፃኑን የሚጎዳው ይህን ሁሉ ለማሟላት ሲባል ግማሽ ቀን ተቀምጦ ከሰሌዳ እንዲገለብጥ መደረጉ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠብቀውን ውጤት ዝቅ ሳያደርጉ ለዕድሜው በሚመጥን መንገድ ማድረስ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ልጆቹ ያሉበትን እወቁ። ከወፍራም ወረቀት መካከል አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቅደዱና ገበታው ላይ አሳርፉ። ቀዳዳዋን «ሲ» ላይ አድርጋችሁ «ይህ ማን ነው?» በሉ። ወረቀቱን አንሥቶ ከላይ ከ«ሀ» ጀምሮ እየዘመረ እስከዚያ የሚወርድ ልጅ ያወቀው የፊደሉን ተራ ነው፤ መልኩን ገና አላወቀውም። ይህን የድሮ የኔታዎችም ያውቁት ነበር። ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚመጣው የለመዱት ተራ ሲፈርስ ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ነው። ስለዚህ ገበታውን መዘመር አትከልክሉ፤ በቀን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ንባብ የሚባለው ግን ከተራው ውጭ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነው።

ጆሮ (ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ)

በእነዚህ ሳምንታት ፊደል አይጻፍም። ልጁ ቃል በድምፅ እንደሚከፈል መስማት አለበት። «በ-ሬ»፣ «ዶ-ሮ»፣ «ሎ-ሚ»፣ «ገ-በ-ሬ»፣ «ባ-ቄ-ላ» እያላችሁ አብራችሁ አጨብጭቡ። በእነዚህ ቃላት ጭብጨባውና የፊደሉ ቁጥር እኩል ስለሆነ ኋላ ፊደል ሲመጣ ልጁ አይደናገርም። «ላም»፣ «በግ»፣ «ጤፍ» ግን አንድ ጊዜ ተጨብጭቦላቸው በሁለት ፊደል ይጻፋሉ። እነዚህን ለሁለተኛው መንፈቅ አቆዩአቸው። ብዙ አመቻቾች (የኦ ክፍል አስተማሪዎች) የሚቀርቧቸው ቃላት ስለሆኑ በ«ላም» እና በ«በግ» ይጀምራሉ፤ ሕፃኑ «ም» የምትባለውን ለብቻዋ ስለማይሰማት እዚያው ይቆማል።

ቤት የሚገጥም ድምፅ ለማስተማር አዲስ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቤት መግጠምን ያውቃል። «ተረት፣ በረት… ሌላስ?» ብላችሁ ጠይቁት። እንቆቅልሽም እንዲሁ ቃል ያበዛል፤ በየቀኑ ሁለት ይበቃሉ። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ ካለ እነዚህ ሳምንታት ለእሱ እጥፍ ይሁኑለት። ትርጉሙን በማያውቀው ቃል ፊደል ማስቆጠር ድካም ብቻ ነው።

ዐይን፦ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት

«ሀ»ን መነሻ አታድርጉ። «ሀ» እና «ሃ» ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ «አ» እና «ኣ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲለወጥ ድምፁ እንደሚለወጥ ልናስተምር ተነሥተን በማይለወጠው ብንጀምር ልጁ ምን ይያዝ? «ረ» እና «ፈ»ም ቅጥያቸው ከሌሎቹ ስለሚለይ ይቆዩ።

በ«ለ»፣ «በ»፣ «ነ»፣ «ከ» ጀምሩ። ከእያንዳንዳቸው ግዕዙን፣ ካዕቡንና ራብዑን ብቻ ውሰዱ፦ ለ ሉ ላ፣ በ ቡ ባ፣ ነ ኑ ና፣ ከ ኩ ካ። አሥራ ሁለት ፊደል መሆኑ ነው። ከእነዚህ ብቻ «ቡና»፣ «ላባ»፣ «በላ»፣ «በሉ»፣ «ካባ»፣ «ለካ»፣ «ነካ»፣ «ነኩ» ይወጣሉ። ልጁ በኅዳር መጨረሻ «ካባ ለካ» ብሎ ሁለት ቃል ካነበበ ማንበብ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ካዕብ ከጎኑ መሐል ላይ ቅጥያ እንዳለው በአራቱ ላይ፣ ራብዕ ቀኝ እግሩ እንደሚረዝም ደግሞ በ«ላ»፣ «ባ»፣ «ካ» ላይ ካየ («ና» ግን አንድ እግር ስላላት እግሯ ይታጠፋል) «ሰ»፣ «ተ»፣ «መ» ሲመጡ «ሱ»ን ሳትነግሩት ያወጣታል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ስድስት ሳምንት ቢወስዱም ዓመቱን የማያዘገዩት።

ሣልስና ኃምስ ቀጥለው ይምጡ፤ ሳብዕ ከእነሱ በኋላ፣ ሳድስ መጨረሻ። ሳድስ ከሁሉ ይከብዳል፦ «ግ» በ«ግመል» መነሻ ላይ ትሰማለች፣ በ«በግ» መጨረሻ ላይ ደግሞ ትዋጣለች። የሚመሳሰሉትን («ለ» እና «ሰ»፣ «ተ» እና «ቀ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ጠ» እና «ጨ») በአንድ ሳምንት አታምጡ፤ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ልዩነት ይኑራቸው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በፊደል ስለማይታይ «ገና»ን ለብቻው አትስጡ። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» ብላችሁ በዐረፍተ ነገር አሰሙት።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ከእነዚህ «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» ከነዘራቸው በአማርኛ ሌላ ፊደል የሚሰጠውን ድምፅ የሚደግሙ ናቸው። 35ቱን ለገበታው ዝማሬ ትታችሁ በ196ቱ ላይ ሥሩ። ሕፃኑ የሥርዓተ ትምህርቱን ፊደል ሁሉ በዝማሬ ያገኛል፤ በንባብ የሚጠየቀው ግን የሚጠቅመውን ነው።

ለመሣሪያ ቆርኪ ይበቃል። ከግሮሰሪ ሰብስባችሁ ጠርዙን በድንጋይ ደልድሉ፤ እጅ ይቆርጣል። ፊደሉን በማርከር ጽፋችሁ ከሥሩ መስመር አስምሩ። ቆርኪ ክብ ስለሆነ መስመሩ ከሌለ ልጁ ፊደሉን ዘቅዝቆ ያነባል። 50 ልጆች ካሏችሁ በአምስት በአምስት አሥር ቡድን አድርጉ፤ ለአሥራ ሁለቱ ፊደላት 120 ቆርኪ ያስፈልጋል። ትምህርቱ ከ12 ደቂቃ አይለፍ፦ ሁለት ደቂቃ ጭብጨባ፣ ሦስት ደቂቃ አዲስ ፊደል፣ አራት ደቂቃ በቆርኪ ቃል መገጣጠም፣ የቀረው ያን ቃል ማንበብ። ከዚያ ወደ ደጅ። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ከአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይሻላል።

እጅ

በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ ያርፋል። መንዝና ጣርማ በርም ከዚህ አይሻሉም። በደነዘዘ ጣት እርሳስ የሚጨብጥ ሕፃን ፊደሉ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ደጋ ላይ ቀኑን በጨዋታና በጭብጨባ ጀምሩ፤ የእጅ ሥራ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከአራት ሰዓት ወዲህ ይሁን። በቆላማዎቹ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ግን ተቃራኒው ይሠራል፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ጻፉ።

ጽሕፈት ከእርሳስ በፊት በጣት ይጀምራል። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ እሸት ባቄላ መፈልፈል ጣት ያጠነክራሉ። ቀጥሎ በደረቅ አፈር ላይ በጣት፣ ከዚያ በወለል ላይ በጠመኔ ከስንዝር የማያንስ ፊደል። እርሳስ ከጥር በኋላ ይምጣ። አንድ እርሳስ ለሁለት ተቆርጦ ይሰጥ፤ አጭር እርሳስ በሦስት ጣት ካልሆነ በጡጫ ለመያዝ አይመችም። በቀን ሁለት ፊደል፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። ገጽ ሙሉ «ለ» የሚጽፍ ልጅ ከአራተኛው ጀምሮ የሚገለብጠው የራሱን ስሕተት ነው።

ማጣራት

በቀን አምስት ልጆች፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። አሥር ቆርኪ በትናችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ስምንትና ከዚያ በላይ የመለሰ ይቀጥል። ስድስት ወይም ሰባት የመለሰ የሳታቸውን ብቻ ለሳምንት ይድገም። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ጭብጨባው መልሱት፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው እዚያ ነው። 50ውም በአሥር የትምህርት ቀን ያልቃሉ። በደረጃ አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት ግን በዚህ ዕድሜ ይቅር፤ በመስከረምና በነሐሴ በተወለዱ ልጆች መካከል የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት አለ።

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከባዶ ደብተር ይልቅ ይህን መዝገብ አቅርቡ፤ የየልጁ ስም፣ ቀኑ፣ የለያቸው ፊደላት። ወላጅ ሲመጣ ልጁን አስጠርታችሁ በቆርኪ «ቡና» ብሎ እንዲገጣጥም አድርጉ። የቤት ሥራውም ማንበብ የማይችል ወላጅ የሚያግዘው ይሁን፦ ማታ አንድ ተረት መስማትና ጠዋት ከተረቱ ሁለት ቃል አጨብጭቦ መናገር።