ለእማዬ በቪዲዮ ስንደውል የሠራናቸው ስህተቶች

እናታችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ከገባች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ወንድሜ እዚያው ቅርቧ ነው። እኔና እህቴ ከአዲስ አበባ በዋትሳፕ እንጠይቃታለን። ያልሠራነው ስህተት የለም። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

"እኔ ማነኝ? አወቅሽኝ?" ስክሪኑ በደንብ ሳይበራ ይኼን እንጠይቃለን። የመርሳት በሽታ ላለባት ሴት ይኼ ፈተና ነው። ስሙ ሲጠፋት እማዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ትሸፍናለች። ከዚያ በኋላ ምንም ብታወሯት መልሷ "እህ" ብቻ ነው። አሁን እኔ ቀድሜ "እማዬ፣ ትንሿ ልጅሽ ነኝ፣ ከኮተቤ ነው የምደውለው" እላለሁ። ብታስታውሰኝም ባታስታውሰኝም "እሰይ፣ የኔ ልጅ" ብላ ትቀበለኛለች።

ሰዓት ላይም ጉድ ሆነናል። ወንድሜ "3 ሰዓት ላይ ደውሉ" አለን። ለካ የፈረንጁን ነው። እኛ በራሳችን ቆጥረን ምሽት 3 ሰዓት ላይ ደወልን። እዚያ ገና በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። እማዬ ለፊዚዮቴራፒ ወርዳለች፤ ስልኩ ባዶ አልጋ ላይ ጮኸ ጮኸና ቆመ። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። ልዩነታችን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ነው። ስትቀጣጠሩ "በኛ ስንት ሰዓት ማለት ነው?" በሉ። እነሱ ጋ ሊመሽ ሲል ደግሞ ባትደውሉ ይሻላል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ አረጋውያን ማምሻው ላይ ግራ ይጋባሉ፣ ይረበሻሉ። እማዬ ከቁርስ በኋላ ነው ጨዋታዋ የሚመጣው።

መጮህ። ጆሮ በእርጅና ሲደክም ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ስንጮህ ድምፃችን ይቀጥናል፤ እንዲያውም ይብስባታል። ወፈር፣ ረጋ አድርጎ ማውራት ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመስሚያ መሣሪያዋ ጆሮዋ ላይ መሆኑን አስጠይቁ። እኛ አንድ ወር ሙሉ የጮህነው መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

መስኮት በጀርባ አድርጎ መቀመጥ ፊትን ያጠቁራል። በፋሲካ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በአንድ ጥሪ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ጉርድ ፎቶ አክሎ ይታያል። አንድ ሁለት ሰው በቂ ነው።

"እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? በላሽ? ተኛሽ?" እያሉ ሰላምታ ላይ መክረምም አለ። አንድ ቀን እህቴ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቡና መቁላት ጀመረች። እማዬ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "እሳቱ በዛ። ታሳርሪዋለሽ!" አለች። ከዚያ ስለ ሰፈራችን ቡና ግማሽ ሰዓት አወራች። ያን ያህል ስታወራ ከሰማናት ቆይተን ነበር።

አብረዋት ያሉትን ሠራተኞች ላለማስቸገር ብሎ ዝም ማለትም ስህተት ነው። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ለብቻዋ ሆና ስልክ የማውራት መብት ይሰጣታል። ክፍሉን የምትጋራ ሴት ካለች ጸጥ ያለ ቦታ እንዲወስዷት ጠይቁ። የጎረቤቷም ገመና በካሜራ አይታይ።

አሁንም የሚቆጨኝ ግን የመርዶው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ያለው አጎታችን ሞተ። ለእማዬ እስክናስብበት አንነግራትም ተባባልን። እህቴ ከለቅሶ ቤት እንደተመለሰች ጥቁር ልብሷን ሳትቀይር ደወለች። እማዬ ስም ትረሳለች እንጂ ጥቁር አትረሳም። "ማን ሞተ?" አለች። እህቴ ደንግጣ "ማንም" ብላ ዘጋችው። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ማን እንደሞተ ስትጠይቅ አደረች። ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው አጠገቧ የለም።

እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ስክሪን ክንድ የለውም። በማግሥቱ ወንድሜ ሁለት የቤተ ክርስቲያን እናቶች ይዞ ሄዶ ነገራት። አምርራ አለቀሰች፤ እነሱም አብረዋት አለቀሱ። እኛ የደወልነው ከዚያ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ረሳችው። "ወንድሜ ለምን አይደውልልኝም?" አለችኝ። "እማዬ፣ ሞቷል እኮ" አልኳት። እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰች። ይኼንን አደራ፣ አትድገሙት። አንዴ በወጉ ከተነገራት ይበቃል። አሁን ስትጠይቀኝ "ናፈቀሽ አይደል? ልጅ ሆናችሁ ምን ታደርጉ ነበር?" እላታለሁ። ከበግ ጥበቃ ትጀምራለች።